ወንበሩ ጎንደር ይደርሳል፣ ማስጠንቀቂያው ግን መንገድ ላይ ይቀራል

ከውጭ የመጣ የሕፃን መመገቢያ ወንበር፣ ብዙዎቻችን «ሃይ ቼር» የምንለው፣ ጎንደር ላይ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ከፒያሳና ከአራዳ ሱቆች ይገዛል፣ በቴሌግራም ይታዘዛል፣ ለክርስትና ስጦታ ይመጣል፣ ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም ተፈታትቶ ይወጣል። መምጫው ብዙ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። ያው ወንበር መጀመሪያ በተሸጠበት አገር «እግሩ ይላላል፣ ሕፃን ጥሏል፣ መጠቀም አቁሙ» ተብሎ ቢታወጅ፣ አዘዞ ወይም ማራኪ ቤቷ ውስጥ ልጇን እዚያ ላይ አስቀምጣ የምታጎርስ እናት በምን ትሰማለች? የሸጠላት ልጅ ስሟን አያውቅም። ያመጣው አስመጪ ስልኳ የለውም። አምራቹ ደግሞ ወንበሩ ጎንደር መግባቱን ጭራሽ አልሰማም።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ክፍተት ነው። ነገሩ የሀብታም ቤት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ረጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ከወተትም ከመድኃኒትም ጋር አንድ መሆኑን ታያላችሁ።

ሪኮል ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ አደገኛነቱ ሲታወቅ፣ አምራቹ ወይም መንግሥት ገዢውን «አቁም» ብሎ ጠርቶ ዕቃውን በነፃ የሚጠግንበት፣ የሚቀይርበት ወይም ገንዘብ የሚመልስበት አሠራር ነው። እኛ አገር ዜና ላይ «ከገበያ እንዲሰበሰብ ታዘዘ» ሲባል እንሰማለን። ከሱቅ መደርደሪያ ማንሳት ግን ግማሹ ሥራ ነው፤ ያውም ቀላሉ። ከባዱ ሰው ቤት የገባውን ማግኘት ነው።

በሕፃን ወንበር ላይ ይህ ስንቴ እንደተደረገ የሚያሳዩ ሦስት ምሳሌዎች እንይ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ግራኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሃርመኒ» የሚባሉ 1.2 ሚሊዮን ገደማ የሕፃን ወንበሮችን በሪኮል ጠራ። የፊት እግሮቹን የሚይዙት ብሎኖች እየላሉ ይወድቁ ነበር፣ የኋላው ፕላስቲክ ማያያዣም ይሰነጠቅ ነበር። እስከዚያ ድረስ 464 ሪፖርት ደርሷል፣ 24 ሕፃናት ተጎድተዋል። ወንበሩ ሲሸጥ የነበረው ከ2003 መጨረሻ እስከ 2009 መጨረሻ ነው። ስድስት ዓመት! በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ወንበር ስንት ቤት ይዞራል? ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከዚያም ወደ ሻንጣ።

በዚያው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ፊሸር ፕራይስ 10 ሚሊዮን የሚሆኑ የልጆች ዕቃዎችን ሲጠራ፣ 950 ሺህ ያህሉ የሕፃን መመገቢያ ወንበሮች ነበሩ። ችግሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የኋላ እግሮቹ ላይ ትሪ ለመስቀል ተብሎ የወጣ ጉጥ ነው። የሚድኹና ቆመ ቆመ የሚሉ ልጆች እየወደቁበት ቆሰሉ። ሰባቱ ቁስላቸው ተሰፍቷል። ልብ በሉ፣ የተጎዳው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የሚጫወተውም ነው።

ሦስተኛው የኢኬያ «አንቲሎፕ» ነው። ነጭ ፕላስቲክ መቀመጫ፣ አራት የብረት እግር ያለው፣ ዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አንዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ የማሰሪያው ቁልፍ ሳይታሰብ ሊከፈት ይችላል ተብሎ ኩባንያው አዲስ ማሰሪያ በነፃ ሰጠ። የትኛው ወንበር እንደሆነ የሚታወቀው በላዩ በታተመው የአቅራቢ ቁጥርና የተሠራበት ቀን ነበር። ቁጥሩን ያየ ዳነ፤ ያላየው በዚያው ማሰሪያ ቀጠለ።

«ከወንበር ቢወድቅስ ምን ይሆናል?»

ልጅ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ እኛም ወድቀን ነው ያደግነው። እውነት ነው። ግን ከመደብ መውደቅና ከዚህ ወንበር መውደቅ አንድ አይደለም። ወንበሩ የአዋቂ ገበታ ከፍታ አለው። ሕፃን ደግሞ ከሰውነቱ ጭንቅላቱ ስለሚከብድ በአብዛኛው በጭንቅላቱ ነው የሚያርፈው። ታች የሚጠብቀው የኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ወይም ሊሾ ሲሚንቶ ነው።

ኦሃዮ ያለ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከ2003 እስከ 2010 አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በአማካይ ከ9,400 በላይ ሕፃናት ከዚህ ወንበር ጋር በተያያዘ ጉዳት ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። በሰዓት አንድ ልጅ እንደማለት ነው። አብዛኞቹ የወደቁት ወንበሩ ላይ ሊቆሙ ወይም ሊንጠላጠሉ ሲሉ ነው፤ ይህም ማለት ማሰሪያው አልታሰረም፣ ወይም ታስሮ አልያዘም።

የወንበሩ ጎረቤት ደግሞ እኛ ጋ ከወንበሩም በላይ የተለመደው «ዎከር» ነው፤ ያ ጎማ ያለው፣ ሕፃን ውስጡ ገብቶ እየገፋ የሚሄድበት። «ቶሎ እንዲሄድ» ተብሎ ይገዛል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2004 ዎከርን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። መሸጥ፣ ማስመጣት፣ ማስተዋወቅ፣ አሮጌውን ቤት ደጃፍ ላይ መሸጥ ሳይቀር ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከ230 ሺህ በላይ ሕፃናት በዎከር ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል መታየታቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከአራቱ ሦስቱ ከነዎከሩ ደረጃ ላይ ተንከባለው የወደቁ ናቸው። አንድ አገር ወንጀል ያደረገችው ዕቃ ሌላ አገር ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ ይሸጣል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለየው የሚነግረን ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሰው ቤት የሚደርሰው እንዴት ነው?

ሪኮል እንደ ሰንሰለት ነው። አራት ቀለበት አለው። አንዱ ከተበጠሰ ሌሎቹ ምንም አይሠሩም።

አንደኛው መዝገብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍላቸው የመጣ ጉዳት በየትኛው ዕቃ እንደደረሰ እየመዘገቡ ለሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ይልካሉ። «ልጁ ወደቀ» ብቻ ተብሎ አይታለፍም። «ከምን ወደቀ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱም በኮድ ይያዛል። ወላጅም በቀጥታ ሪፖርት ያደርጋል። ያ የ464 ሪፖርት ክምር የተሠራው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ሥልጣን ነው። ክምሩን አይቶ አምራቹን «ጥራ» የሚል መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው አድራሻ ነው። ይህ ቀለበት የተሠራው በአንድ ሕፃን ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቺካጎ አካባቢ ዳኒ የሚባል ሕፃን የቀን መዋያው ውስጥ በተጣጣፊ አልጋ ታንቆ ሞተ። አልጋው ከአምስት ዓመት በፊት በሪኮል የተጠራ ነበር። ለሞግዚቷም ለወላጆቹም የነገራቸው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አንድ ክፍሉ በዚህ ልጅ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ የሕፃን አልጋ፣ የመመገቢያ ወንበርና መሰል ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ከዕቃው ጋር የገዢ መመዝገቢያ ካርድ እንዲያያይዝ ያስገድዳል። ስምህንና አድራሻህን ሞልተህ ትልካለህ፤ አንድ ቀን ችግር ቢፈጠር በስምህ ይፈልጉሃል።

አራተኛው መፍትሔ ነው፤ ብሎን፣ ማሰሪያ ወይም ገንዘብ። ሰው «አቁም» ስለተባለ ብቻ አያቆምም። ምትክ ካልሰጠኸው በተሰበረው ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ ባለበት አገር እንኳ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ፊሸር ፕራይስ «ሮክ ኤን ፕሌይ» የሚባለውን የሕፃን መተኛ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ሲጠራ 4.7 ሚሊዮን ገደማ ተሸጦ ነበር። በጥር 2023 ጥሪው እንደገና ታወጀ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ቢያንስ ስምንት ሕፃናት እዚያው መተኛ ላይ ሞተዋል። በአጠቃላይ ወደ 100 የሚጠጋ ሞት ተመዝግቧል። ስልክ ባለበት፣ ፖስታ ቤት ባለበት፣ ካርድ ባለበት አገር ማለት ነው።

እኛ ጋ የሚበጠሰው የት ላይ ነው?

መጀመሪያ መዝገቡ ላይ። ልጅ ከወንበር ወድቆ ግንባሩ ሲያብጥ ቅቤ እንቀባለን፣ «እመቤቴ አተረፈችልኝ» ብለን እናመሰግናለን፣ ያልፋል። መጥፎ ከሆነ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሮጣል። እዚያም የሚቀድመው ሕይወት ማዳን ነው። የወንበሩ ስም፣ ሞዴሉ፣ የተገዛበት ቦታ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም፤ ቢጠየቅም የሚላክበት ቦታ መኖር አለበት። ስለዚህ አሥር ቤት ውስጥ አሥር ልጅ በአንድ ዓይነት ወንበር ቢወድቅ፣ አሥሩም ቤት «የኔ ልጅ ቀበጠ» ብሎ ያስባል። አሥሩን አንድ ላይ የሚያይ ዓይን የለም።

ቀጥሎ አድራሻው ላይ። ዕቃው ከመርካቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። አስመጪ ለጅምላ፣ ጅምላው ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለእናንተ። በየመሐሉ ካርቶኑ ይጣላል፣ መመሪያው ይጠፋል። ደረሰኝ ስትጠይቁ «እህቴ፣ እዚሁ ነኝ፣ ችግር ካለ ምጪ» ትባላላችሁ። ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። እሱን ግን ማን ይነግረዋል?

በሻንጣ የመጣው ደግሞ ይብሳል። አክስት ልጆቿ ያደጉበትን ወንበር በፍቅር ነው ያመጣችው። ምናልባት እሷ እዚያ ስትገዛ ካርዱን ሞልታ ይሆናል። ጥሪው ቢመጣ የሚደርሰው የድሮ አድራሻዋ ነው። ወንበሩ ግን ጎንደር ገብቷል።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጠው ሦስተኛው መንገድ ነው። ፎቶው ኦሪጅናሉን ያሳያል፣ የሚመጣው ቅጂው ነው። አንቲሎፕን የመሰለ ሁሉ አንቲሎፕ አይደለም። ቅጂ የሆነ ዕቃ ደግሞ ሪኮል የሚያደርግለት ወላጅ የለውም። የኦሪጅናሉን ስም ጎግል ብታደርጉ «ሰላም ነው» የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እናንተ ቤት ያለው ግን ሌላ ነው። ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአሜሪካው ኮሚሽን አማዞን በመጋዘኑ አድርጎ ለሌሎች ነጋዴዎች ባሠራጫቸው ከ400 ሺህ በላይ አደገኛ ዕቃዎች ጉዳይ «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ» ማለት አይችልም፣ አከፋፋይ ነህ ብሎ ወስኗል። ያ ጥያቄ ነገ ወደ እኛ ቻናሎች መምጣቱ አይቀርም።

ለምን አሁን? መንግሥት በ2015 መጀመሪያ በ38 ዓይነት የውጭ ሸቀጦች ላይ ጥሎት የነበረው የውጭ ምንዛሪ እገዳ በሐምሌ 2016 ከምንዛሪ ለውጡ ጋር ተነሥቷል። የአስመጪነትና የችርቻሮ ንግድም ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። የሚገባው ዕቃ ዓይነቱ ይበዛል። ብሩ ደግሞ ረክሷል፤ ስለዚህ አዲስ መግዛት ያልቻለ አሮጌ ይገዛል፣ ርካሹን ቅጂ ይመርጣል። አሮጌና ስም የለሽ ዕቃ ሲበዛ የሪኮል ክፍተቱም አብሮ ይሰፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘብ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ጉዳት ከደረሰም ዕቃውን በማቅረብ የተሳተፉት ሁሉ፣ ከአምራችና ከአስመጪ እስከ ቸርቻሪ፣ በአንድነት ወይም በተናጠል ይጠየቃሉ። በኢንተርኔት ለሚሸጠውም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? 15 ቀን የሚጠቅመው ተሰብሮ ለመጣ ዕቃ ነው። የግራኮ ወንበር ብሎን የሚላላው ከወራት በኋላ ነው። ሪኮል የሚፈልገው ከዓመታት በኋላ እንኳ ገዢውን ፈልጎ የሚያገኝ መንገድ ነው።

ሌላው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ምግብና መድኃኒት ባለቤት አላቸው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን «ይህን ዘይት፣ ይህን የለውዝ ቅቤ አትጠቀሙ» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሁላችንም አንብበን ሼር አድርገናል። የሕፃን ወንበር ግን ምግብም መድኃኒትም አይደለም። ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው፣ ገበያውን የሚቆጣጠረው የንግዱ ዘርፍ ነው። ራሱን የቻለ የነበረው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንም ከ2014 ጀምሮ ሥራው ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ውስጥ ገብቷል። በመሐል «ይህ ሞዴል ወንበር አደገኛ ነው» ብሎ በአማርኛ የሚናገር አንድ ድምፅ እንፈልጋለን።

«ስንት ችግር እያለ ስለ ሕፃን ወንበር?»

ይህን የሚል ሰው ኮሜንት ላይ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ክልላችን በጦርነት ውስጥ ነው፣ ኑሮ ጣራ ነክቷል፣ ወንበሩ የሌለው ቤት ካለው ይበልጣል።

ግን ይህን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት የተበከለ የሳል ሽሮፕ ወስደው ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን፣ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጠርሙሶቹ ግን በየቤቱ ነበሩ። የጤና ሠራተኞችና የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው የሰበሰቧቸው። ድሃ አገር ነች፣ ሆኖም መንገዱን በአስቸኳይ መሥራት ነበረባት። ልጆች እየሞቱ መንገድ መሥራት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው።

ለወንበር የሚሠራ መንገድ ለሽሮፕም ይሠራል። ለዱቄት ወተት፣ ለሚፈነዳ ቻርጀር፣ ለጋዝ ሲሊንደር ሁሉ ያው ነው። «ዕቃው አደገኛ ነው» የሚለው ወሬ ከመሥሪያ ቤት ተነሥቶ እናት ጆሮ እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል? የኛ ጥያቄ ይህች ነች። ወንበሩ መለኪያው ነው።

ደጋው ላይስ?

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ደባርቅ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ጃናሞራ፣ በየዳ። እዚያ ሕፃን የሚያዘው በአንቀልባ ነው፤ የሚበላው ጭን ላይ ነው፣ የሚቀመጠው መደብ ላይ ነው። አንቀልባ ቆዳው ሲደርቅ፣ ጠፍሩ ሲሳሳ እናት ታውቀዋለች፤ ሳታውቅ ብትቀር አማቷ ታያታለች። ወደ ሠራው ሰው ይመለሳል፣ ይጠገናል። ሠሪውም ጠጋኙም አንድ ነው፣ ቤቱም ይታወቃል። ያ ራሱን የቻለ ሪኮል ነው። ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ሲገባ የሚጠፋው ይህ ነገር ነው፤ ዕቃው ይመጣል፣ ሠሪው አይመጣም።

የፋብሪካው ዕቃ ደግሞ ደባርቅና ዳባት ገብቷል፤ ከጎንደር ተገዝቶ፣ ወይም ከተማ ካለ ዘመድ በውርስ። እዚያ ሲደርስ ሁለት አደጋ ይጨመርበታል። የአፈር ወለል ወጣ ገባ ነው፤ ለሴራሚክ የተሠራ ቀጭን እግር አንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ወንበሩ ይዘማል። ብርድ ስለሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ እሳት ዙሪያ ነው። ምድጃና ጀበና አጠገብ የዘመመ ወንበር ምን ሊያመጣ እንደሚችል መናገር አያስፈልግም።

ማስጠንቀቂያውን በፌስቡክ ብቻ ብናወጣ እዚያ አይደርስም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ጎንደር ከተማ ራሷ ምን እንደሆነች አይተናል። ደጋው ላይ ወሬ የሚደርሰው በሬዲዮ፣ በገበያ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚነገር ማስታወቂያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። የክትባት ቀን ሕፃን ያላት እናት ሁሉ ትመጣለች። ያን ቀን የሚነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ከሺህ ሼር ይበልጣል።

እስከዚያው በስልካችሁ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

አንደኛ፣ ወንበሩን ገልብጡት። ከመቀመጫው ሥር ወይም ከእግሩ ጀርባ ተለጣፊ ወይም የታተመ ጽሑፍ ይኖራል፤ የድርጅቱ ስም፣ የሞዴል ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን። ፎቶ አንሱት፣ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ስሙንና የሞዴሉን ቁጥር ጎግል ላይ ጻፉና መጨረሻ ላይ «ሪኮል» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምሩ። የአሜሪካው የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን፣ የአውሮፓው «ሴፍቲ ጌት» እና የኦኢሲዲ «ግሎባል ሪኮልስ» ገጾች ለማንም ክፍት ናቸው። ገጹን ስልካችሁ ይተረጉምላችኋል።

ሦስተኛ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ሪኮል አለመኖሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የሚጠራው የለም ማለት ነው። ራሳችሁ ፈትሹት። አራቱም እግር መሬት ይያዝ፤ ወደ ኋላና ወደ ጎን በእጃችሁ ግፉት፣ በቀላሉ ከዘመመ አይሆንም። ብሎኖቹን በየሳምንቱ አጥብቁ። ማሰሪያው ወገብና እግር መሐል የሚይዝ ይሁን፣ ትከሻም ካለው የተሻለ ነው። ቁልፉን ቆልፋችሁ ሳባ ሳባ አድርጉት። የፊቱ ትሪ ማሰሪያ አይደለም፤ ልጅ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል።

አራተኛ፣ ልጁን ሁልጊዜ እሰሩት፣ ጥላችሁት አትሂዱ። ከግድግዳና ከጠረጴዛ ራቅ ይበል፤ በእግሩ ገፍቶ ራሱን ይገለብጣልና። ከከሰል ማንደጃና ከረከቦት አርቁት።

አምስተኛ፣ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ጀርባው ላይ የሞዴሉን ቁጥር ጻፉበት። በቴሌግራም ከሆነ የሻጩን ስም፣ ስልክና የዕቃውን ፎቶ ስክሪንሾት አድርጉ።

ስድስተኛ፣ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ወንበር ለሰው አትስጡ፣ አትሽጡ። «ለእነሱ ይሁን፣ ከምጥለው» ማለት ቸርነት ይመስላል፤ አደጋውን ለሌላ ልጅ ማሻገር ነው። ሰባብራችሁ ጣሉት። ዎከርም እንደዚያው።

ሰፈር ካለ አናጢ ወይም ብረት ብየዳ ቤት የምታሠሩም አላችሁ። በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ሠሪው ይታወቃል፣ ብሎን ቢላላ ሄዳችሁ «ና እየው» ትሉታላችሁ። እግሩ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ እንዲል፣ ማሰሪያ እንዲኖረው፣ የሾለ ጫፍ እንዳይተው ንገሩት።

ከማን ምን እንጠይቅ?

ከሱቆቻችን የምንጠይቀው ትንሽ ነው፤ የሕፃን ወንበር፣ አልጋና ጋሪ ሲሸጡ የገዢን ስልክ አንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። የቴሌግራም ሻጮች ስልካችንን ለማድረሻ መቀበላቸው አይቀርም፤ አይሰርዙት።

ከከተማው የንግድና ገበያ ልማት መምሪያና ከክልሉ ቢሮ የምንጠይቀው አንድ ሰው ነው። በሳምንት አንድ ቀን እነዚያን የውጭ ገጾች አይቶ የሕፃናት ዕቃ የሆነውን በአማርኛ የሚያወጣ፣ ለጎንደር ኤፍ ኤም ጣቢያዎችና ለጤና ጽሕፈት ቤቶች የሚልክ። አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም።

ከሆስፒታሉ የምንጠይቀው አንድ መስመር ነው። የወደቀ ወይም የተቃጠለ ሕፃን መዝገብ ላይ «በምን ዕቃ?» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ዓመት ሲሞላ ያቺ መስመር ዛሬ የሌለንን ዓይን ትሰጠናለች።

ውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ፦ ወንበሩን ከማሸጋችሁ በፊት ሞዴሉን ፈልጉ። ካርዱ ላይ የራሳችሁን ስልክ ሙሉ፣ ጥሪ ከመጣ ጎንደር የምትደውሉት እናንተ ናችሁ።

ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን ቤት ያለውን ወንበር ገልብጡት። የተጻፈው ያልገባችሁ ካለ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልን፤ አብረን እንፈልጋለን። የተጠራ ሞዴል ከተገኘ ስማችሁን ሳንጠቅስ ሞዴሉን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣለን።